የድሮ ሙዚቃ ማጫወቻ ላይ ሮክቦክስ መጫን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከውጭ አገር በዘመድ እጅ የመጣ፣ አሁን ግን ማንም የማይነካው አይፖድ ወይም ሳንዲስክ ብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ አለ። ስልክ መጣና ከሥራ አባረረው። ዕቃው ግን አልሞተም። ከታች ያሉት ሮክቦክስ ስለሚባለው ሶፍትዌር በብዛት የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። ስለ ቅደም ተከተላቸው ብዙ አልተጨነቅኩም፤ የሚመለከታችሁን ብቻ ፈልጋችሁ አንብቡ።

ሮክቦክስ ምንድን ነው?

ማጫወቻው ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ሶፍትዌር የሚተካ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ይህን ዓይነቱን ሶፍትዌር ፈርምዌር ይሉታል። ስልክ ላይ እንደምንጭነው አፕ እንዳታስቡት። ሜኑው፣ ሙዚቃውን የሚያጫውተው ክፍል፣ ባትሪውን የሚከታተለው፣ ሁሉም የራሱ ነው።

የመጣው ከስዊድን ነው። በፈረንጆቹ 2001 መጨረሻ ላይ ጥቂት ፕሮግራመሮች አርኮስ ጁክቦክስ የሚባል ባለ ሃርድ ዲስክ ማጫወቻ ነበራቸው። ዕቃውን ወደዱት፤ ሶፍትዌሩ ግን አማረራቸው። ቢዮርን ስቴንበርግ፣ ወንድሙ ዳንኤል ስቴንበርግና ሊኑስ ኒልሰን ፌልትሲንግ ውስጡን ፈልፍለው የራሳቸውን መጻፍ ጀመሩ። የመጀመሪያው ቨርዥን በሰኔ 2002 ወጣ። ዳንኤል ማለት ከርል የሚባለውን፣ ዛሬ በየስልኩና በየመኪናው ውስጥ ያለውን የዳታ ማስተላለፊያ ሶፍትዌር የጻፈው ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው እየተቀባበለ እዚህ አደረሰው። 4.0 የወጣው በ2025 ነው። ሃያ ዓመት አልፎትም እየተሠራበት ነው ማለት ነው።

እኔ እጅ ያለው ላይ ይሠራል?

ሁሉም ነገር የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ሞዴል ላይ የሚሠራው ሌላው ላይ አይሠራም፤ መልካቸው ቢመሳሰልም እንኳ።

ከአይፖዶች ስንነሳ፣ ትልልቆቹ ባለ ሃርድ ዲስክ አይፖዶች ከ1ኛው ትውልድ ጀምሮ እስከ አይፖድ ቪዲዮ ድረስ ይሠራሉ። አይፖድ ክላሲክም ይሠራል። ሁለቱም አይፖድ ሚኒዎች ይሠራሉ። ናኖ ላይ ጠንቀቅ በሉ፤ 1ኛና 2ኛ ትውልድ ብቻ ናቸው። ያቺ አጠር ብላ ወፈር ያለችው 3ኛዋ ናኖና ከሷ በኋላ የመጡት አይሆኑም። ሻፍልም አይሆንም፣ አይፖድ ተችም አይሆንም።

ከሳንዲስክ ሳንሳ ክሊፕ፣ ክሊፕ ፕላስ፣ ክሊፕ ዚፕ፣ ፊውዝና ፊውዝ ፕላስ ይሠራሉ። ስሟ ክሊፕ ስለሆነ ብቻ ግን አትመኑ። ክሊፕ ጃምና ክሊፕ ስፖርት የሚባሉት ኋላ የመጡ ናቸው፤ አይቀበሉም። ከአዳዲሶቹ ፊዮ ኤም3ኬ፣ ሻንሊንግ ኪው1 እና ሰርፋንስ ኤፍ20 ዝርዝሩ ውስጥ አሉ።

ከየሱቁ የሚገዙት ስም የለሽ የቻይና «ኤምፒ4» ማጫወቻዎችስ? እርሷቸው። ውስጣቸው ያለው ቺፕ ከአንዱ ካርቶን ወደ ሌላው ይለያያል።

ሞዴሉን ለማወቅ ጀርባው ላይ በደቃቁ የተጻፈውን ቁጥር አይታችሁ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉት። የሸጠላችሁ ሰው የነገራችሁን ስም ተማምናችሁ አትጀምሩ።

ምን ይጨምርልኛል?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው የፋይል ዓይነቶችን ነው። አይፖድ በፋብሪካ ሶፍትዌሩ ፍላክና ኦግ አያጫውትም። ሮክቦክስ ፍላክ፣ ኦግ ቮርቢስ፣ ኦፐስ፣ ዌቭፓክ፣ የአፕልን አላክ፣ ሌላም ብዙ ያጫውታል። ፋይል መቀየር የሚባል ጣጣ ይቀራል። ፎልደሩን ከኮምፒውተር ትጎትታላችሁ፣ ማጫወቻው ላይ ትለቁታላችሁ፣ አለቀ።

ለኔ ግን ትልቁ ነገር እሱ አይደለም። የኛ ሰው የሙዚቃ ክምችት እንዴት እንደተሰበሰበ አስቡት። ግማሹ ከካሴት የተገለበጠ ነው፤ ያውም ከተገለበጠ ካሴት ላይ እንደገና የተገለበጠ። አንዱ ዘፈን ይጮኻል፣ ቀጣዩ ይንሾካሾካል። አንዱ ፈጥኖ ድምፃዊው ልጅ ይመስላል፣ ሌላው ተንቀራፎ ያዛጋል። አንዳንዱ ላይ የግራው ድምፅ ጨርሶ የለም።

ሮክቦክስ ለነዚህ ሁሉ ቦታ አለው። ዘፈኑ እየተጫወተ አይፖዱ ላይ የመሃሉን ቁልፍ ጫን ብላችሁ ስትይዙ ሜኑ ይመጣል። እዚያ ውስጥ «ፒች» የሚል አለ። ገብታችሁ በፐርሰንት ከፍ ዝቅ ታደርጉታላችሁ። ካሴቱ ፈጥኖባችሁ ከሆነ 97 ወይም 96 ላይ ስታወርዱት ክራሩ ወደ ቦታው ሲመለስ ይሰማችኋል። አንድ ጆሮ ብቻ ለሚሰማው ደግሞ ሳውንድ ሴቲንግስ ውስጥ «ቻናል ኮንፊገሬሽን» የሚል አለ። «ሞኖ ራይት» ስትሉት የቀኙን ድምፅ ለሁለቱም ጆሮ ይሰጣል። እዚያው «ካራኦኬ» የሚልም ምርጫ አለ፤ ድምፃዊውን ያደክማል። በሁሉም ዘፈን ላይ አይሳካም፣ ሲሳካ ግን ቤቱን ያስቃል።

የሚጮኸውንና የሚንሾካሾከውን የሚያስተካክለው ሪፕሌይጌይን ይባላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር እወቁ። ሮክቦክስ መጠኑን ራሱ አይለካም። ኮምፒውተር ላይ እንደ ፉባር2000 ባለ ፕሮግራም ተለክቶ ፋይሉ ውስጥ መጻፍ አለበት። ሮክቦክስ የተጻፈውን አንብቦ ያስተካክላል።

ስብከት፣ መንዙማ፣ ትረካ ወይም የቋንቋ ትምህርት ለምትሰሙ ደግሞ ቡክማርክ አለ። የሁለት ሰዓት ፋይል ታቋርጣላችሁ፣ በነጋታው ካቆማችሁበት ይቀጥላል። ጄነራል ሴቲንግስ ውስጥ ቡክማርኪንግ ገብታችሁ ስታቆሙ እንዲመዘግብ እዘዙት። ታይምስትሬች የሚለውን ካበራችሁ ደግሞ የተናጋሪው ድምፅ ሳይቀጥን ንግግሩን ማፍጠን ይቻላል።

ከዚህ ውጭ ኢኳላይዘሩ ዝርዝር ነው፣ በዘፈንና በዘፈን መካከል ክፍተት አይኖርም፣ አንዱን እያደበዘዘ ወደ ሌላው መሻገርም ይችላል።

የአማርኛ ርዕሶች ይታያሉ?

ይታያሉ፤ ግን በራሱ አይደለም። ሮክቦክስ ዩኒኮድ የሚባለውን፣ የየቋንቋውን ፊደል የሚያስተናግደውን የኮምፒውተር አጻጻፍ ያውቃል። የመረጣችሁት ፎንት ውስጥ የግዕዝ ፊደል ከሌለ ግን ባዶ ሳጥን ነው የምታዩት።

ስትጭኑ የፎንት ጥቅሉን አብራችሁ ጫኑ። ከዚያ ሴቲንግስ፣ ቲም ሴቲንግስ፣ ፎንት ብላችሁ ግቡና ዩኒፎንት የሚባለውን ፈልጉ። ፊደሉ ውበት የለውም፤ ነጥብ በነጥብ የተሠራ ነው። ግን ይነበባል፣ ለትንሽ ስክሪንም ይበቃል። ውበት የሚፈልግ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ ፎንት ወደ ሮክቦክስ ዓይነት መቀየር ይችላል። መቀየሪያው ኮንቭቲቲኤፍ ይባላል፤ ከሮክቦክስ ምንጭ ኮድ ጋር ይመጣል። ይሄኛው ግን ከኮምፒውተር ትእዛዝ መጻፊያ ጋር ለሚግባቡ ነው።

ሁለት ነገር ያሳስታል። አንደኛ፣ ብዙ ቲሞች (የስክሪኑን መልክ የሚቀይሩት) የራሳቸውን ፎንት ይዘው ነው የሚመጡት። ስለዚህ የፋይል ዝርዝሩ ላይ አማርኛው ቆንጆ ሆኖ ይታይና ዘፈኑ ሲከፈት ሳጥን ይሆናል። ማጫወቻው አልተበላሸም፤ ቲሙን ቀይሩ። ሁለተኛ፣ ፋይሉ ውስጥ ያለው የዘፈኑ መረጃ (ርዕሱ፣ የድምፃዊው ስም) ድሮ ዩኒኮድ ባልሆነ የግዕዝ ፎንት ተጽፎ ከነበረ ምንም ፎንት አያድነውም። የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ታያላችሁ። ኤምፒ3ታግ በሚባለው ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ እንደገና መጻፍ ነው።

መረጃ የሚባል ነገር የሌለው፣ «ትራክ 01» ብቻ የሚል ክምችትስ? እሱን በዳታቤዝ፣ ማለትም ዘፈኖችን በመረጃቸው በሚዘረዝረው ክፍል፣ አትድከሙበት። በፎልደር አደራጁት፤ ሮክቦክስ ፎልደሮችን እንዳሉ ስለሚያሳይ ስማቸውን በአማርኛ ብትጽፉ ይበቃል።

እንዴት ነው የሚጫነው?

ሮክቦክስ ዩቲሊቲ የሚባል መጫኛ አለ። ከሮክቦክስ ዶት ኦርግ ይወርዳል፤ ለዊንዶውስም ለማክም ለሊኑክስም አለ። ከሌላ ቦታ አታውርዱ።

ባትሪውን ሙሉ። ውስጡ ያለውን ሙዚቃ ኮምፒውተር ላይ ገልብጡ። መጫኑ ሙዚቃ አያጠፋም፤ ግን መንገድ ላይ ሪስቶር ማድረግ (ወደ ፋብሪካ መልኩ መመለስ) ግድ ከሆነ ሁሉም ይጠፋል።

አይፖድ ከሆነ መጀመሪያ የዲስኩን ፎርማት፣ ማለትም ፋይሎች የሚቀመጡበትን ሥርዓት፣ እዩ። ማክ ላይ ሲሠራበት የነበረ አይፖድ በኤችኤፍኤስ ፕላስ ነው የተዘጋጀው። ሮክቦክስ ደግሞ የሚፈልገው ፋት32 ነው። ከአሜሪካ የሚመጡ ያገለገሉ አይፖዶች ላይ ይሄ በብዛት ያጋጥማል። መፍትሔው ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ አይቲዩንስ በሚባለው የአፕል ፕሮግራም ሪስቶር ማድረግ ነው፤ ያኔ በራሱ ፋት32 ይሆናል። ከዚያ አይቲዩንስን ዝጉና ዩቲሊቲውን በአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ክፈቱት። ያለዚያ ቡትሎደሩን፣ ማለትም ማጫወቻው ሲነሳ ሮክቦክስን የሚያስጀምረውን ትንሽ ፕሮግራም፣ መጻፍ አይችልም። ዕቃችሁን ራሱ ይለየዋል። ባክአፕ ላስቀምጥ ወይ ብሎ ከጠየቃችሁ እሺ በሉት። ሲጨርስ በሥርዓቱ ኢጀክት አድርጋችሁ ንቀሉ። ስክሪኑ ላይ «አትንቀል» የሚለው ጽሑፍ አልጠፋ ካለ ሜኑና የመሃሉን ቁልፍ (ከ1ኛ እስከ 3ኛ ትውልድ ላይ ሜኑና የማጫወቻ ቁልፉን) አንድ ላይ ይዛችሁ አስነሱት።

ክላሲክ ትንሽ ይለያል። ሜኑና የመሃሉን ቁልፍ 12 ሰከንድ ያህል፣ ስክሪኑ ጥቁር እስኪሆን ድረስ መያዝ አለባችሁ። ስክሪኑ ሲጠፋ አትደንግጡ፤ የሚፈለገው እሱ ነው።

ሳንሳ ክሊፕ ፕላስና መሰሎቹ ላይ ደግሞ መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የዩኤስቢ ሞዱን ኤምኤስሲ አድርጉት፤ ያኔ ኮምፒውተሩ እንደ ፍላሽ ዲስክ ያየዋል። ኤምቲፒ ላይ ከሆነ ዩቲሊቲው አያየውም። የፋብሪካውን የፈርምዌር ፋይልም ይጠይቃችኋል፤ አውርዳችሁ ታሳዩታላችሁ፣ እሱ ላይ የራሱን ጨምሮ ማጫወቻው ላይ ያስቀምጠዋል። ስትነቅሉት ማጫወቻው «አፕግሬድ» እያለ ራሱን ያድሳል። ያን ጊዜ አትንኩት።

ዕቃው ቢበላሽብኝስ?

አይፖድ ላይ ብዙም አትፍሩ። የዲስክ ሞድና የማገገሚያ መንገዱ ሮክቦክስ ከሚነካው ቦታ ውጭ ነው። ቢጣመም አይቲዩንስ ላይ ሰክታችሁ ሪስቶር ስትሉት ወደ ፋብሪካ መልኩ ይመለሳል። ሌሎቹ ላይ የከፋው አደጋ ፈርምዌሩ እየተጻፈ ባትሪ ማለቁ ወይም ገመድ መነቀሉ ነው። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ሰዓት ዴስክቶፕ ላይ ከመጫን ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ተዋሱ።

እውነተኛው አደጋ ከሶፍትዌሩ አይመጣም። ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ የተኛ ባትሪ አብጦ ሊሆን ይችላል። የጀርባው ብረት ወይም ስክሪኑ ወደ ውጭ ገፋ ካለ ቻርጅ ላይ እንዳትሰኩት። መጀመሪያ ባትሪው ይቀየር።

የድሮው ሶፍትዌር ይጠፋል?

አብዛኛው ዕቃ ላይ ሁለቱም አብረው ይኖራሉ። የድሮ አይፖድ ሲነሳ ወዲያው የሆልድ ማብሪያዋን ብትገፉ የአፕሉ ይመጣል። ክላሲክ ላይ ሜኑን መያዝ ነው። ክሊፕ ፕላስ ላይ የግራውን ቁልፍ ይዛችሁ ታበሩታላችሁ።

አይቲዩንስ መጠቀም እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ግን ሁለት ጌታ ማገልገል ይሆናል። አይቲዩንስ ዘፈኑን ድብቅ ፎልደር ውስጥ፣ ስሙን በአራት ፊደል ቀይሮ ነው የሚያስቀምጠው። ሮክቦክስ ያጫውተዋል፤ በፎልደር ግን አታገኙትም፣ በዳታቤዝ በኩል መፈለግ አለባችሁ። በተቃራኒው ደግሞ እናንተ ጎትታችሁ ያስገባችሁትን የአፕሉ ሶፍትዌር አያየውም። አንዱን ምረጡ። የኔ ምርጫ ፎልደር ነው።

ድሮ ከአይቲዩንስ የተገዙ፣ ኮፒ እንዳይደረጉ የተቆለፉ ዘፈኖች ሮክቦክስ ላይ አይከፈቱም።

ስፖቲፋይ? ዩቲዩብ? ብሉቱዝ?

የለም፣ የለም፣ የለም። ሮክቦክስ የፋይል ሰው ነው። ዘፈኑ እጃችሁ ላይ ከሌለ አይጠቅማችሁም። ገመድ አልባ ኢርፎን ብቻ ያለው ሰውም ይለፈው።

ትልቅ ሜሞሪ ካርድ ይቀበላል?

ክሊፕ ፕላስ በፋብሪካ ወሰኑ 32 ጊጋ ነው። ሮክቦክስ ከዚያ በላይ ያነባል፣ ካርዱ ፋት32 ከሆነ። 64 ጊጋና ከዚያ በላይ የሆኑ ካርዶች ግን ከፋብሪካ የሚመጡት በኤክስፋት ነው፤ ሮክቦክስ ደግሞ እሱን አያውቅም። ዊንዶውስ በተለመደው መንገድ ትልቅ ካርድ በፋት32 ፎርማት አላደርግም ስለሚል ሌላ የፎርማት ፕሮግራም ያስፈልጋል። አይፖድ ከፍቶ ሃርድ ዲስኩን በሜሞሪ ካርድ የሚተካም አለ። የሚሸጥ አስማሚ ሰሌዳ አለው፤ አይፖዱ ይቀላል፣ ሲወድቅም አይሰጋም። አከፋፈቱ ግን ጥፍርም ትዕግሥትም ይጨርሳል።

ባትሪ ይበላል?

እንደ ሞዴሉና እንደ አጠቃቀማችሁ ነው። የስክሪኑን መብራት ማሳጠር ብዙ ለውጥ አለው። ኢኳላይዘርና ፒች ሲበሩ ፕሮሰሰሩ ይደክማል፤ ካላስፈለጉ አጥፏቸው። አይፖዱን ለማጥፋት የማጫወቻ ቁልፉን ጫን ብላችሁ ያዙ። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ሌሊቱን ሙሉ እንደበራ ያድርና «ባትሪ በላብኝ» ይላል።

ማየት ለተሳነው ሰው ይሆናል?

በደንብ። ሮክቦክስን ከፋብሪካዎቹ ሶፍትዌር ሁሉ የሚለየው ይሄ ይመስለኛል። ሜኑውን ጮክ ብሎ ያነባል። ቁልፍ በተጫነ ቁጥር የት እንዳላችሁ ይናገራል፤ የፋይልና የፎልደር ስምም ሊናገር ይችላል። ለሜኑው የድምፅ ፋይል ከዩቲሊቲው ይጫናል። ለፎልደሮቹ ስም ኮምፒውተሩ አጫጭር የድምፅ ፋይሎች ይሠራል፤ ለዚህ ኢስፒክ የሚባለውን ጽሑፍ አንባቢ ፕሮግራም መጠቀም ይቻላል። የሚዳሰስ ቁልፍ ያላቸው እንደ ክሊፕ ፕላስ ያሉት ለዚህ በጣት ከሚታሸው ከአይፖድ ክብ ጎማ የተሻሉ ናቸው። ስጦታ ልታደርጉት ካሰባችሁ ድምፁን ራሳችሁ አብርታችሁ፣ ፎልደሮቹን አደራጅታችሁ ስጡ።

ጌም አለው ይባላል፤ እውነት ነው?

እውነት ነው። ዱም የሚባለው የድሮ ጌም አይፖድ ላይ ይሠራል፤ የጌሙን ፋይል ራሳችሁ ታመጣላችሁ። ቼዝና ሱዶኩ አለ፣ ጌምቦይ ማስመሰያም አለ። ቪዲዮ የሚያጫውተው ኤምፔግ1 እና ኤምፔግ2 ብቻ ነው። ከዩቲዩብ ያወረዳችሁትን ሳትቀይሩ እሺ አይልም።

መልኩ አስቀያሚ ነው።

ጥያቄ ባይሆንም ደጋግሞ ይመጣል። አዎ፣ ሲጫን የሚመጣው መልክ ደስ አይልም። ዩቲሊቲው ውስጥ ቲሞች አሉ፤ የስክሪናችሁን መጠን የሚመጥኑትን ብቻ ነው የሚያሳያችሁ። የአልበም ሥዕል ለማየት በእንግሊዝኛ ፊደል «cover» ብላችሁ የሰየማችሁትን የጄፔግ ሥዕል ከዘፈኖቹ ጋር እዚያው ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። ፕሮግረሲቭ የሚባለው የጄፔግ ዓይነት ግን አይታይም። ሥዕሉ አልመጣ ካለ በተራ ጄፔግ እንደገና ሴቭ አድርጉት።

ይከፈልበታል? ሕጋዊ ነው?

አይከፈልበትም። የተጻፈው ከባዶ ነው፣ ኮዱም በጂፒኤል ፈቃድ ለሁሉም ክፍት ነው። ዋስትና ያለው አዲስ ዕቃ ላይ ግን ሻጩ ሊያኮርፍ ይችላል።

ካልተስማማኝ እንዴት አወጣዋለሁ?

በዩቲሊቲው «አንኢንስቶል» አለ። ቡትሎደሩንም የሮክቦክስ ፎልደሩንም ያወጣል። ፎልደሩ ስሙ በነጥብ ስለሚጀምር አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ተደብቆ ነው የሚቀመጠው። ፎልደሩን ብቻ አጥፍታችሁ ቡትሎደሩን ከተዋችሁት ግን ማጫወቻው በተነሳ ቁጥር ሮክቦክስን ፈልጎ ሲያጣ ስሕተት ያሳያል። እንዲህ ከሆነባችሁ ዩቲሊቲውን እንደገና ክፈቱና ቡትሎደሩን ከዚያ አስወጡት።